ፍየል የማይቀምሰው ቅጠል

ባሕር ዛፍ በትውልድ አገሩ በላተኛ አለው፤ በእኛ አገር ግን የለውም። የዚህን ምክንያትና መዘዝ ማወቅ የወል መሬት ለሚያስተዳድር ማኅበር ይጠቅማል

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት በደጋውና በወይና ደጋው የአገራችን ክፍል በእግሩ የሚጓዝ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። የግጦሹ መሬት ሣሩ ተግጦ አፈሩ ብቻ ቀርቷል። ቁጥቋጦው ሁሉ የፍየል አፍ እስከ ደረሰበት ከፍታ ድረስ ተመልምሏል። በሬና ላም የገብስ ገለባ ያመነዥካሉ፤ እርሱም ያለው ገበሬ ዕድለኛ ነው። ከዚያው ከግጦሹ ዳር ግን አጥርም ጠባቂም የሌለው የባሕር ዛፍ ተክል ለምልሞ ይታያል። ፍየሎች በመካከሉ ያልፋሉ፤ አሽትተውት ይሄዳሉ እንጂ አይነኩትም።

ብዙዎቻችን ይህን የባሕር ዛፍ ትልቁ ጥቅም አድርገን እንቆጥረዋለን። በእርግጥም ጥቅም ነው። የጥድ፣ የወይራ ወይም የዋንዛ ችግኝ የተከለ ገበሬ አጥር ካላጠረና ካልጠበቀ ድካሙ ሁሉ በአንድ ቀን የፍየል ራት ይሆናል፤ ባሕር ዛፍ የተከለ ገበሬ ግን ተኝቶ ያድራል። ይሁን እንጂ ነገሩ ሌላ ገጽታም አለው። ፍየል የማይበላው ዛፍ ያረፈበት መሬት በድርቅ ወራት ለአንድም ከብት መኖ የማይሰጥ መሬት ነው። የወል ግጦሽ መሬት እየተቆረሰ ለባሕር ዛፍ ተከላ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚለው ክርክር በብዙ ቀበሌዎች በየዓመቱ ክረምት ሲቃረብ የሚነሣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለመሆኑ ይህን ቅጠል የሚበላ እንስሳ በዓለም ላይ የለምን? አለ። የበላተኛው ታሪክ ለእኛ ገበሬዎች የሚሰጠው ትምህርትም ቀላል አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ነገሮች የተጠቀሱበት ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ

ባሕር ዛፍ ስሙ ራሱ እንደሚመሰክረው ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው። አገሩ አውስትራሊያ ሲሆን በዚያ ከ700 የሚበልጡ ዓይነቶች አሉት። ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አጥታ በዙሪያዋ ያለው የተፈጥሮ ደን ተጨፍጭፎ ስለ ነበር፣ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ መፈለግ ግድ ሆነ። ከመጡት ዓይነቶች ሁለቱ በአገሪቱ በሰፊው ተሠራጩ። አንደኛው ደጋውን የሚወደው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሙቀት የሚችለውና በወይና ደጋውና በቆላው ቀበቶ የሚበቅለው ቀይ ባሕር ዛፍ ነው።

የዛፉን ጥቅም ለገበሬ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ማገሩ፣ አጣናው፣ ወጋግራው፣ ቋሚው ሁሉ ከእርሱ ይገኛል። ተቆርጦ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ሲቸግርም ተሽጦ የልጅ ደብተርና የማዳበሪያ ዕዳ ይከፈልበታል። ቅጠሉም ቢሆን አይጣልም። በከተሞች ዙሪያ ያሉ እናቶች ደረቁን ቅጠልና ጭራሮ ጠርገው፣ ተሸክመው፣ እንጀራ ይጋገርበታል። ጉንፋን የያዘው ሰው እርጥቡን ቅጠል አፍልቶ ይታጠንበታል። ባሕር ዛፍ ባለበት ቀበሌ ኩበቱ ከምድጃ ተርፎ ወደ ማሳ የመሄድ ዕድል ማግኘቱም መዘንጋት የለበትም። ቅጠሉን የሚበላ ከብት ግን የለም።

ቅጠሉ ለምን አይበላም?

ዛፍ እንደ ሚዳቋ ሮጦ አያመልጥም፤ እንደ በሬም አይዋጋም። ስለዚህ ራሱን የሚከላከለው በቅጠሉ ውስጥ በሚያኖረው ነገር ነው። ባሕር ዛፍ በዚህ ረገድ ከባድ መሣሪያ የታጠቀ ዛፍ ነው።

የመጀመሪያው መሣሪያው ዘይቱ ነው። ቅጠሉ በእጅ ሲታሽ የሚሸተው፣ ለጉንፋን የምንታጠነው ይኸው ዘይት በብዛት ሲበላ ለእንስሳ መርዝ ነው። ሁለተኛው ታኒን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ታኒን ጥሬ ቆዳ የሚለፋበት ነገር እንደ መሆኑ በሆድ ውስጥ ገንቢ የሆነውን የምግብ ክፍል፣ ማለትም ፕሮቲኑን፣ አጥብቆ በመያዝ እንዳይፈጭ ያደርገዋል። ሦስተኛው የማቅለሽለሽ ስሜት የሚያመጡ ሌሎች ንጥረ ነገሮች ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ቅጠሉ ጠንካራና ጭረታም ሲሆን የፕሮቲኑ መጠን አነስተኛ ነው። ስለዚህ ችግሩን ችሎ የበላው እንስሳ እንኳ የሚያገኘው ጉልበት ጥቂት ነው።

ለፍየል፣ ለበግና ለከብት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። እነዚህ የሚያመነዥኩ እንስሳት የበሉትን ሣርና ቅጠል በመጀመሪያ የሚያስገቡት ወደ ትልቁ ጨጓራ ነው። በዚያ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ሣሩን አብላልተው ለእንስሳው ምግብ ያደርጉለታል። የባሕር ዛፍ ዘይት በብዛት ሲገባ ግን መጀመሪያ የሚያገኘው እነዚሁኑ ተሕዋስያን ነው። እነርሱ ሲዳከሙ ደግሞ የእንስሳው መፍጫ ሥራ ይስተጓጎላል። ፍየል አሽትታ የምትሄደው ይህን ሁሉ ተምራ ባይሆንም፣ አፍንጫዋና ሆድዋ ያስተማሯት ዕውቀት ከዚሁ ጋር የሚስማማ ነው።

ኮዋላ፦ የባሕር ዛፍ በላተኛ

በአውስትራሊያ ምሥራቃዊና ደቡብ ምሥራቃዊ ክፍል ኮዋላ የሚባል እንስሳ አለ። ግራጫ ጠጉርና ክብ ጆሮ ያለው ሲሆን ክብደቱ እንደ ጾታውና እንደ አካባቢው ከ4 እስከ 14 ኪሎ ይደርሳል። በመልኩ የድብ ግልገል ቢመስልም ከድብ ጋር ዝምድና የለውም፤ ልጁን በሆዱ ላይ ባለ ኪስ ከሚያሳድጉት እንደ ካንጋሩ ካሉት እንስሳት ወገን ነው። የሚኖረው በባሕር ዛፍ ላይ፣ የሚተኛው በባሕር ዛፍ ላይ፣ የሚበላውም የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው ማለት ይቻላል። በቀን ግማሽ ኪሎ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ቅጠል ይበላል። ውኃም አብዛኛውን የሚያገኘው ከቅጠሉ ነው።

ፍየልን የሚያሸንፈው መርዝ ኮዋላን የማያሸንፈው ለምንድን ነው? ምክንያቱ በሁለት ነገር ይገለጻል። አንደኛ፣ የኮዋላ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚኖሩት እንደ ፍየል በፊተኛው ሆድ ሳይሆን በኋለኛው፣ በዕውር አንጀቱ ውስጥ ነው። ይህ አንጀት ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት አለው። ከቅጠሉ ጋር የገባው ዘይት አብዛኛው እዚያ ከመድረሱ በፊት ወደ ደም ገብቶ በጉበቱ ውስጥ ስለሚጣራ ተሕዋስያኑ አይጎዱም። ሁለተኛ፣ ጉበቱ መርዝን በማርከስ ችሎታው የተለየ ነው። በ2018 የታተመ የኮዋላ ዘረ መል ጥናት እንዳሳየው መርዝን ለማፍረስ የሚያገለግሉት ዘረ መሎቹ ከሌሎች እንስሳት በዝተው ተገኝተዋል።

ይህ ችሎታ ዋጋ ያስከፍላል። ምግቡ ደካማ በመሆኑ ኮዋላ ጉልበቱን ቆጥቦ መኖር አለበት፤ ከቀንና ሌሊቱ 24 ሰዓት ወደ 20 የሚጠጋውን የሚያሳልፈው ተኝቶ ነው። ልጁም ሲወለድ ከአንድ ግራም አይሞላም፤ ስድስት ወር ያህል በእናቱ ኪስ ውስጥ ወተት እየጠባ ያድጋል። ቅጠል መብላት ከመጀመሩ በፊት እናቱ ለየት ያለ ለስላሳ ፈርስ ታወጣለች፤ ልጁም ያንን ይበላል። ለሰው ሲነገር የሚያስጸይፍ ቢመስልም፣ የባሕር ዛፍን ቅጠል የሚያብላሉት ተሕዋስያን ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፉት በዚህ መንገድ ነው። ይህን ሳያገኝ ቅጠል የበላ ግልገል ይራባል።

ኮዋላ ያገኘውን ባሕር ዛፍ ሁሉ አይበላም። ከ700 በላይ ከሆኑት ዓይነቶች የሚመርጣቸው ጥቂቶቹን ነው። የእኛ ቀይ ባሕር ዛፍ ከሚወዳቸው አንዱ ነው። ነጩንም ቢሆን ይበላል። ከዚህም በላይ ጎን ለጎን ከቆሙ የአንድ ዓይነት ዛፎች መካከል አንዱን በልቶ ሌላውን ይተወዋል። ምክንያቱ መራራውና የሚያቅለሸልሸው ንጥረ ነገር ከዛፍ ዛፍ ስለሚለያይ ነው። ይህን ነገር ልብ እንበል፤ ወደ ኋላ ወደ ችግኝ ጉዳይ ስንደርስ ይጠቅመናል።

ከኮዋላ ሌላ ቅጠሉን አዘውትረው የሚበሉ ጥቂት እንስሳት በዚያው አገር አሉ። አንዱ በሌሊት ከዛፍ ዛፍ በክንፍ መሰል ቆዳው እየተንሳፈፈ የሚሄድ እንስሳ ነው። ሌላው ጅራቱን በቅርንጫፍ ላይ የሚጠመጥም፣ ድመት የማያህል እንስሳ ነው። ከእነዚህ ውጭ ያሉት አብዛኞቹ የዱር አጥቢ እንስሳት ከቅጠሉ የሚርቁ ናቸው። በአፍሪካም ቢሆን ዛፉን የሚነካ የዱር እንስሳ ፈጽሞ የለም ማለት አይቻልም። በኡጋንዳ በኪባሌ ደን አካባቢ ጉሬዛዎች ከደኑ ወጥተው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ልጣጭ ሲበሉ ታይተዋል፤ ተመራማሪዎች ይህን የሚያያይዙት በዛፉ ውስጥ ካለው ጨው ጋር ነው።

እዚያም ቢሆን በላተኛና መኖ ካልተመጣጠኑ

የአውስትራሊያ ገበሬ ስለ ባሕር ዛፍ የሚጨነቀው ከእኛ በተቃራኒው ነው፤ የእርሱ ጭንቀት የዛፉ መበላት ነው።

በቪክቶሪያ ክፍለ አገር ኦትዌይ ርእስ ምድር በተባለ ቦታ ኮዋላዎች በዝተው ከአንድ የባሕር ዛፍ ዓይነት የቀረውን ቅጠል ሁሉ ጨረሱት። ዛፎቹ ቅጠላቸው ተገፎ ደረቁ፤ እንስሳቱም በረሃብ መሞት ጀመሩ። በ2013ና በ2014 ባለሥልጣናቱ በረሃብ የተዳከሙ ወደ 700 የሚጠጉ ኮዋላዎችን በመርፌ እንዲሞቱ አደረጉ። ጉዳዩ ለሕዝብ የተገለጸው በ2015 ነበር። ከግጦሹ አቅም በላይ ከብት ያሰማራ ቀበሌ የሚደርስበትን የሚያውቅ ገበሬ ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

በሌላ በኩል ደግሞ በኩዊንስላንድና በኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍላተ አገር እንስሳው እየጠፋ ነው። በ1927 በኩዊንስላንድ ለአንድ ወር አደን ተፈቅዶ ከ500 ሺህ የሚበልጡ ኮዋላዎች ለቆዳቸው ተገደሉ። በኋላም ደኑ ለእርሻ፣ ለከብት ርቢና ለቤት ሥራ እየተመነጠረ ሄደ፤ በሽታና እሳትም ተጨመሩ። በመጨረሻም በየካቲት 2022 በእነዚህ ሁለት ክፍላተ አገርና በዋና ከተማው በካንቤራ ግዛት ለመጥፋት የተቃረበ እንስሳ ተብሎ ተመዘገበ።

ከሁሉም ይበልጥ ለእኛ ትምህርት የሚሰጠው ግን በኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ኒው ኢንግላንድ በተባለው ደጋማ የበግ ርቢ አካባቢ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የደረሰው ነው። የዚያ አካባቢ ገበሬዎች ደኑን መንጥረው ለጥላ ያህል ብቻ ባሕር ዛፍ እዚህና እዚያ ተዉ፤ ግጦሹንም በማዳበሪያና በተሻሻለ ሣር አለሙት። ጥቂት ቆይቶ የቀሩት ዛፎች በሰፊው መድረቅ ጀመሩ። ሲጠና ከምክንያቶቹ ዋናው ቅጠል በል ጢንዚዛ ሆኖ ተገኘ። የጢንዚዛው እጭ የሚያድገው በአፈር ውስጥ የሣር ሥር እየበላ በመሆኑ የለማው ግጦሽ አራባው። ጢንዚዛውን የሚበሉ ወፎች ደግሞ ከደኑ ጋር ሄደዋል። ብዙ ዛፍ ይካፈለው የነበረው ተባይ በጥቂቶቹ ላይ ወረደ፤ ዛፎቹም አዲስ ቅጠል ባወጡ ቁጥር እየተበሉ ጉልበታቸው አለቀ። ሁሉንም ነገር ለአንድ ጥቅም ያዋለ መሬት ሌላውን ጥቅም እንደሚያጣ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

በላተኛው ተከትሎ ሲመጣ

ባሕር ዛፍ በአገራችን ከመቶ ዓመት በላይ ያለ በላተኛ የኖረው ዘሩ ብቻ ተሻግሮ ተባዮቹ በአገራቸው ስለ ቀሩ ነው። ይህ ዕድል ግን ለዘለዓለም የተሰጠ አይደለም። በዛፉ አገር ከኮዋላ ይልቅ ብዙ ቅጠል የሚበሉት ነፍሳት ናቸው፤ ነፍሳት ደግሞ በመርከብና በአውሮፕላን፣ በችግኝና በእንጨት ተሳፍረው ይጓዛሉ።

በ1916 በደቡብ አፍሪካ ኩምቢ መሰል አፍ ያለው አንድ የአውስትራሊያ ጢንዚዛ ተገኘ። ጢንዚዛውም እጩም የባሕር ዛፍን ለጋ ቅጠል ጫፍ ጫፉን እየበሉ ዛፉን ያቀጭጫሉ። ጠላቱ ስላልተከተለው ያለ ከልካይ ተራባ። የአገሪቱ ባለሙያዎች መድኃኒት ከመርጨት ይልቅ ወደ አውስትራሊያ ሄደው ጢንዚዛውን በአገሩ የሚገታው ምን እንደ ሆነ ፈለጉ። በጢንዚዛው እንቁላል ውስጥ የራሷን እንቁላል የምትጥል እጅግ ትንሽ ተርብ አገኙ። በ1926 አምጥተው በለቀቋት ጊዜ በብዙ ቦታ ተባዩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተገታ። ተርቧ በኋላም ወደ ኬንያ ተወስዳለች።

በእኛ ዘመን የመጣው ደግሞ የእባጭ ተርብ ነው። በ2000 በመካከለኛው ምሥራቅና በሜዲትራኒያን ባሕር አካባቢ ታየ፤ በ2004 በእስራኤልና በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ስም እስኪሰጠው ድረስ በሳይንስ የሚታወቅ አልነበረም። በ2002 ኬንያና ኡጋንዳ ደርሶ ነበር፤ በአገራችንም ተገኝቷል። ርዝመቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሴቷ ያለ ወንድ ስለምትራባ አንዲት ተርብ ብቻ ያረፈችበት ችግኝ ጣቢያ መበከሉ አይቀርም። እንቁላልዋን በለጋው ቅጠል አከርካሪና ዘንግ ውስጥ ስለምትጥል ቦታው ያብጣል፤ ቅጠሉ ይጣመማል፤ ችግኙም ቁመቱን አቁሞ እንደ ቁጥቋጦ ይሆናል። በተለይ የሚጠቃው ቀይ ባሕር ዛፍ ነው። ትልቅ ዛፍ ቢጎዳም ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ ችግኝና ከጉቶ የሚያቆጠቁጥ ለጋ ግን ከባድ ጉዳት ይደርስበታል።

እዚህ ላይ ቀደም ብለን ስለ ኮዋላ ምርጫ ያልነውን እናስታውስ። ዛፍ ከዛፍ ይለያል። ኮዋላ አንዱን ዛፍ በልቶ ጎረቤቱን እንደሚተው ሁሉ፣ የእባጭ ተርብም አንዱን ዓይነት አጥብቆ ሲያጠቃ ሌላውን ይምረዋል። ስለዚህ የቀበሌው ችግኝ ሁሉ ከአንዲት እናት ዛፍ በተለቀመ ዘር የተፈላ ከሆነ፣ አንዱን ያሸነፈ ተባይ ሁሉንም አሸነፈ ማለት ነው። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ብዙ ገበሬ ለከሰል ያለማው የዴከረንስ ግራር በቅርብ ዓመታት በቅጠል በሽታ መመታቱ ኑሮን በአንድ ዛፍ ላይ ብቻ የማንጠልጠልን አደጋ ያሳያል።

በማኅበር ስብሰባ ላይ

የወል መሬት ጉዳይ በስብሰባ ሲነሣ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ወገን ይከፈላል። መሬት ያልደረሳቸው ወጣቶች «ዳገቱ ይከፈለንና ባሕር ዛፍ እንትከል፤ በአምስትና በስድስት ዓመት አጣና ሸጠን ራሳችንን እንችላለን» ይላሉ። ሽማግሌዎች ደግሞ «ከብቶቻችን የት ይዋሉ? በሬ ከሌለ እርሻ የለም» ሲሉ ይመልሳሉ። የሁለቱም ወገን ቃል እውነት አለው፤ መሪው የሚፈተነውም በዚሁ ነው።

ነገሩን በሒሳብ ማየት ይረዳል። አንድ ከብት በቀን ከክብደቱ ከመቶ 2 ተኩል ያህል ደረቅ መኖ እንደሚያስፈልገው ይታወቃል። እንግዲህ 250 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን ከ6 ኪሎ በላይ፣ በስድስቱ ደረቅ ወራት ደግሞ 11 ኩንታል ያህል መኖ ይፈልጋል ማለት ነው። ጥማድ በሬ ያለው ገበሬ 22 ኩንታል ማዘጋጀት ይኖርበታል። ለባሕር ዛፍ የሚሰጠው ግጦሽ በየዓመቱ ስንት ኩንታል ሣር ይሰጥ እንደ ነበር፣ ያም በምን እንደሚተካ ሳይሰላ የሚወሰን ውሳኔ የወጣቱን ችግር በሽማግሌው በሬ ላይ ማዛወር ነው።

ይህ ማለት ግን ባሕር ዛፍ ይቅር ማለት አይደለም። ማገዶና አጣና ያጣ ቀበሌ የሚቀጥለው እርምጃው የቀረውን የአገር ደን መቁረጥና ኩበት ማንደድ ነው። ሥራው እያንዳንዱን ተክል በቦታው ማዋል ነው። ለዚህም የሚከተሉትን ነጥቦች በስብሰባ ላይ ማንሣት ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ቦታ መምረጥ። ባሕር ዛፍ ለእርሻም ለሣርም በማይመች ድንጋያማና ገደላማ ቦታ ይተከል። ከምንጭ፣ ከጉድጓድ ውኃና ከማሳ ዳር ይራቅ። ከማሳ ጋር የግድ የሚዋሰን ከሆነ ሥሩ እንዳይሻገር በመካከሉ ቦይ መቆፈር ብዙ ገበሬዎች የሚያውቁት ዘዴ ነው። ከዛፉ ሥር የወደቀው ቅጠል ሁሉ ተጠርጎ የሚወሰድ ከሆነ መሬቱ ተራቁቶ ለጎርፍ እንደሚጋለጥም መታወቅ አለበት።

ሁለተኛ፣ ለባሕር ዛፍ በተሰጠው መሬት ልክ የሚበላ ዛፍም መትከል። በደጋው ትሪ ሉሰርን ቅጠሉ ከመቶ 20 ያህል ፕሮቲን ያለው፣ በዓመት ደጋግሞ የሚታጨድ መኖ ነው። በወይና ደጋውና በቆላው ሰስባኒያ፣ ሉኪኒያና የርግብ አተር አሉ። በእርከን ላይ ደሾ ሣር ይተከላል፤ የዋንዛ ቅጠልም የታወቀ መኖ ነው። እነዚህን ፍየል አሽትታ አትሄድም፤ ስለዚህ አጥርና የአጥር ደንብ ያስፈልጋቸዋል። ብዙ የመኖ ዛፍ ተከላ ከንቱ የቀረው በአፈሩ ወይም በዝናቡ ሳይሆን በልቅ ግጦሽ ነው። ቆርጦ ማብላትን የተቀበለ ቀበሌ ብቻ ከእነርሱ ይጠቀማል።

ሦስተኛ፣ ከአንድ ዓይነት በላይ መትከል። ዘር ከብዙ እናት ዛፎች ይለቀም። ለእንጨት የሚሆን የአገር ዛፍ፣ እንደ ዋንዛ፣ ወይራና ጥድ ያለው፣ ከባሕር ዛፉ ጎን ቦታ ይሰጠው።

አራተኛ፣ ችግኝን መመርመር። ከሌላ ወረዳ የሚመጣ ችግኝ ከመከፋፈሉ በፊት ቅጠሉና ዘንጉ ይታይ። እባጭ ያለበት፣ ቅጠሉ የተጣመመ ወይም ጫፍ ጫፉ የተበላ ከሆነ አይተከል፤ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛውና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይነገር። በትልልቅ ዛፎች ላይ የተባይ መድኃኒት መርጨት ግን አይመከርም። ከወጪው በላይ ተባዩን የሚገቱትን ነፍሳትና ንቡን ይጨርሳል።

ንብ ስንል አምስተኛውን ነጥብ አነሣን ማለት ነው። በአገራችን ከባሕር ዛፍ በግልጽ የሚመገበው ትልቁ ሠራዊት ንብ ነው፤ የሚፈልገውም ቅጠሉን ሳይሆን አበባውን ነው። ሁሉንም ዛፍ በአጣናነቱ ሳይቆርጡ በየተከላው ጥቂቶቹ እንዲያብቡ መተውና ቀፎ ማስቀመጥ፣ ከብት የማይውልበት መሬት ለቀበሌው ምግብ እንዲሰጥ ማድረግ ነው። መሬት ያልደረሳቸው ወጣቶችም ዛፉ እስኪደርስ ከማሩ ይጠቀማሉ።

ስድስተኛና የመጨረሻው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ በገበሬ ማኅበራት የተተከለው የወል ደን በብዙ ቦታ በ1983ቱ ለውጥ ወቅት የተጨፈጨፈው ማን እንደሚቆርጠውና ማን እንደሚጠቀምበት በግልጽ ባለመታወቁ ነበር። ዛሬም የወል ተከላ ሲጀመር ማን እንደሚተክል፣ መቼ እንደሚቆረጥ፣ ገንዘቡ ለማን እንደሚከፋፈል፣ ለእማወራዎችና ለመሬት አልባ ወጣቶች ስንት ድርሻ እንደሚደርስ በመተዳደሪያ ደንብ ተጽፎ በጉባኤ መጽደቅ አለበት።

የአውስትራሊያው ኮዋላ ያንን መራራ ቅጠል ለመብላት የበቃው በብዙ ሺህ ትውልድ ሆዱንና ጉበቱን ለውጦ ነው። የእኛ ፍየልና በሬ ግን ያን ያህል ጊዜ የላቸውም፤ የሚመጣውን በጋ እንኳ ማለፍ አለባቸው። ስለዚህ ዘንድሮ ችግኝ ከመውረዱና ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት የማኅበሩ መሪዎች ከሽማግሌዎች፣ ከወጣቶችና ከእናቶች ጋር በግጦሹ ዳር ቆመው አንድ ጥያቄ ቢጠያየቁ መልካም ነው፤ በዚህ ዳገት ላይ የምንተክለው ዛፍ ለምድጃችን ነው ወይስ ለበሬያችን? ለሁለቱም ከሆነ፣ ድንበሩ የት ላይ ይሁን? ይህ ድንበር በሁሉም ፊት ተለክቶ ችካል ከተተከለበት የባሕር ዛፉም የመኖውም ችግኝ በሰላም ያድጋል።